ቦታውን ተዉለት

ባለፈው ሐሙስ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ለቤቱ አከራይ አስረከብኩ። አምስት ዓመት ኪሴ ውስጥ የኖረ ቁልፍ ነው። አከራዩ «ሌላ ቅጂ የለህም?» አለኝ። የለኝም አልኩት። ዋሽቼ ነው። አንድ ቅጂ ወንድሜ ጋር ነበር። አሁን ከወንድሜ ዕቃዎች ጋር ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሻንጣውን ለመክፈት ደግሞ ገና አቅም አላገኘሁም።

በሃያ አራት ዓመት ዕድሜ ስለ ሥራ ዘመን መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪዎች፣ የባቡር ሠራተኞች። የእኔ ሥራ ግን በእውነት አልቋል፣ ተመልሶ የሚመጣም አይመስለኝም። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ፔካ 12፣ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ የከባድ መኪናዎችን ወረቀት እሞላለሁ። ደመወዙ ከፎቶ ቤቱ ይሻላል። ቢሮው ክሊማ አለው፣ ይቀዘቅዛል። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የተማርኩት እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሪድዋን ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ይህንንም መጻፍ የነበረበት እሱ ነበር። እሱ ስለሌለ እኔ እንደምችለው እጽፈዋለሁ።

አባታችን ወደብ ላይ ዕቃ ያወርድ ነበር። እሱ ሲሞት ሪድዋን ትምህርቱን ጨርሶ ስለነበር በአባታችን ቦታ ሦስት ዓመት ወደብ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ለእናታችን አዲስ አበባ ሄዶ ኮምፒውተር ግራፊክስና አኒሜሽን መማር እንደሚፈልግ ነገራት። እናታችን ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ሥዕል ማንቀሳቀስ።»

«ተንቀሳቅሶ የት ይሄዳል?»

ሪድዋን ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር የጠየቀችው። ሆኖም በሄደ ማግስት ዘነዘናዋን አንስታ አርሂባ ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከአባታችን ፎቶ ጎን አንድ ምስማር መታች። የምረቃ ፎቶው የሚሰቀልበት ነው። ምስማሩ አምስት ዓመት ገደማ ባዶውን ቆየ። ሪድዋን ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ ኮፍያውን ሰቅሎበት እናታችን «ኮፍያ ተመረቀ እንዴ? አውርድ!» ብላ ጮኸችበት።

እሱ በሄደበት ወር እኔ ካርቲየ 4 ከአው አብዶሽ ፎቶ ቤት ገባሁ። «አው» በሐረሮች ዘንድ ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። አው አብዶሽ ሐረር ተወልደው፣ ድሬዳዋ ፎቶ ተምረው፣ በጎልማሳነታቸው ጅቡቲ የገቡ ሰው ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ የካሜራቸውን መነጽር ሁልጊዜ በሸሚዛቸው እጅጌ ጫፍ ይወለውላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ማጽጃ ጨርቅ ገዝቼ ሰጠኋቸው። አመስግነው ኪሳቸው ከተቱና በእጅጌያቸው መወልወላቸውን ቀጠሉ።

የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ የየትም ፎቶ ቤት ሥራ ነው። የእኛ ቤት የሚታወቀው «በማስገባት» ነበር። ይህች ከተማ ውስጥ ሁሉም ቤት አንድ የጎደለ ሰው አለው። ወይ ሳዑዲ ነው፣ ወይ ፈረንሳይ፣ ወይ መርከብ ላይ። ሠርግ ይመጣል፣ ታላቅ ወንድም የለም። ታላቅ ወንድም የሌለበት የሠርግ ፎቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል እንግዳ ሁሉ ተጣልተው ነው ወይ ይላል። ስለዚህ ቤተሰቡ የራቀውን ሰው ፎቶ ይዞ ይመጣና «አስገቡልን» ይላል።

አው አብዶሽ ይህን የሚሠሩበት መንገድ ነበራቸው። ሌላ ፎቶ ቤት ቢሆን ሰዎቹን ተጠጋግተው እንዳሉ ያነሳና ሌላውን ከጫፍ ይለጥፈዋል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ቤተሰቡን ያቆማሉ። ከዚያ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ዘርግተው «ቦታውን ተዉለት!» ይላሉ። ለሱማሌው በሱማሌኛ፣ ለየመኑ በዓረብኛ፣ ለእኛ ሰው በአማርኛ። ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ መሐላቸው አንድ ሰው የሚያክል ክፍተት ይቀራል። በመጨረሻ ወደ እናቲቱ ዞረው፦

«እጅሽን ትከሻው ላይ አድርጊ።»

«የት አለና?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

እናቲቱ ታፍራለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ እጇን አየር ላይ ታነሳለች። እጇ የሚቆምበት ቦታ ልክ ነው። አንድም ቀን ተሳስቶ አላየሁም። የራቀውን ልጅ ቁመት ከጎረቤት ጠይቀን ስንለካው የእናቲቱ እጅ ልክ እሱ ትከሻ ላይ ይውላል። አው አብዶሽ ምስሉን የሚያስገቡት በዚያ እጅ ልክ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ በፊት ውጭ ፎቶ አለማንሳታቸው ነው። እኩለ ቀን ላይ የጅቡቲ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይደበቃል። «ጥላ የሌለው ሰው ማን እንደሆነ ፎቶው አያውቀውም» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ነገሬ ብዬ አልሰማኋቸውም።

የማስገባቱ ሥራ በኮምፒውተር ሆኖ ነበር፣ ግን አሠራራችን ከመቀስና ከሙጫ ዘመን ብዙም አልራቀም። የገባው ሰው ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የቆመ ይመስላል። ለምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ያወቅነው በሪድዋን ነው።

የሪድዋን የመጀመሪያ ዓመት የድምፅ መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፦ «አቦ ሙኒር፣ እኔ ኮምፒውተር ልማር መጥቼ እንቁላል ነው የሚያስሉኝ! አንድ እንቁላል፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ መብራት፣ አንድ ወር። ጠብሰው እስኪሰጡን እየጠበቅን ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የላከው ግን ሌላ ነበር። ድምፁ ዝግ ብሏል። «ስማኝ። እንቁላሉ ወረቀቱን የሚነካበት ቦታ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። ከሌላው ጥላ ሁሉ እሷ ትጠቁራለች። እሷን ከረሳሃት እንቁላሉ ይንሳፈፋል። አስተማሪያችን ወር ሙሉ የጠበቀን ያቺን እስክናያት ነው።»

በማግስቱ አንድ የሠርግ ፎቶ ይዤ ሞከርኩት። የገባው ሰውዬ ጫማ ሥር ያቺን ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ከእሷ ተነስቶ የሚረዝመውን ጥላ እንደ ሌሎቹ ሰዎች ጥላ አጋደምኩት። አው አብዶሽ ከኋላዬ መጥተው ብዙ አዩት።

«አሁን ቆመ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የእሱ ዩኒቨርሲቲ የእኔም ሆነ ማለት እችላለሁ። የተማረውን በዚያው ሳምንት ይልክልኛል፣ እኔ በደንበኛ ፎቶ ላይ እሞክረዋለሁ። ብርሃን ከነጭ ግድግዳ ሲመለስ የሰው ጉንጭ ላይ የሚጥለውን ቀለም፣ የሩቅ ነገር የሚደበዝዝበትን ልክ። ደብተር አዘጋጅቼ እጽፈው ነበር። ሪድዋን «እኔ ስጨርስ አንተ ትገባለህ፣ ሁለተኛ ዓመት ነው የምትጀምረው» ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ለክረምቱ እረፍት በባቡር ሲመጣ የቤት ሥራው የሰው አካሄድ ነበር፤ ክብደት የተሸከመ ሰው። ሃያ ሊትር ጄሪካን አስይዞኝ በሕንፃችን ኮሪደር ያስኬደኛል፣ በስልኩ እግሬን ብቻ ይቀርጻል። በዚያ ሙቀት። ጎረቤቶች በር ላይ ወጥተው ይስቁብናል።

«ሙኒር፣ ውሃ የጠፋው የት ነው? አስር ጊዜ ተመላለስክ!»

«እንኳን ውሃ እሱም ይጠፋል ዛሬ!»

እኔ ደክሞኝ ጄሪካኑን ግማሽ አድርጌ ደፋሁት። ሪድዋን የቀረጸውን አንዴ አይቶ ቀና አለ። «ሙላው» አለኝ።

«ሙሉ ነው።»

«ጄሪካኑን አላየሁም፣ ቁርጭምጭሚትህን ነው ያየሁት። እየዋሸህ ነው።»

ከዚያ አስቀምጦ አሳየኝ። በመጀመሪያ የሚሣሉት እግር መሬት የሚመታበትና ሌላው እግር የሚያልፍበት ሁለቱ ሥዕል ናቸው። በመሐላቸው ያሉት በኋላ ይሞላሉ። መሐሉን እኩል እኩል አድርጎ የሞላ ሰው ተንሳፋፊ ነው የሚያገኘው፤ የከበደው ሰው መሬት ላይ ይቆያል፣ አየር ላይ ይቸኩላል። ሪድዋን ይህን ሲነግረኝ ወደብ ላይ እንደሠራ ሰው ነበር የሚናገረው። ክብደትን ከመጽሐፍ አልነበረም የሚያውቀው።

አሁን ልጽፈው የማልፈልገው ቦታ ደረስኩ።

በሦስተኛው ዓመት አዴ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ከድሬዳዋ መጡ። ልጃቸው ጀማል በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ለመሻገር ከሌሎች ልጆች ጋር ከወጣ ወራት አልፎታል፤ አንድም ቃል አልመጣም። እሳቸው ይፈልጉት ዘንድ መጥተው ከተማውን ለሁለት ሳምንት አዳርሰዋል። ሆስፒታል፣ ወደብ፣ የባሕሩ ዳር መንደሮች። በመጨረሻው ቀናቸው ፎቶ ቤታችን ገቡ። በፌስታል አዲስ ሸሚዝ ይዘዋል፤ ሰማያዊ፣ መስመር ያለው።

«ለእሱ ይዤለት የመጣሁት ነው» አሉኝ። «ከእኔ ጋር አስገባልኝ። ባዶ ዓይኔን አልመለስ።»

አው አብዶሽ አቆሟቸው። ከጎናቸው ቦታ አስቀሩ። እጃቸውን አስነሱ። እኔ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ ሠራሁ። የጀማል ፎቶ በስልካቸው ነበር። ሸሚዙን እኔ ለበስኩት፤ አው አብዶሽ በዚያው ፀሐይ፣ በዚያው ቦታ አቁመው አነሱኝ፣ ከዚያ የጀማልን ፊት በእኔ ትከሻ ላይ አዋሐድኩት። ጥላውን አጋደምኩ። ያቺን ቀጭን መስመር ጫማው ሥር አሰመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት ሥራ የለም። አዴ ዘይነባ አይተው ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ለሪድዋንም ላክሁለት። እሱ ክፍል ውስጥ አሳየ። «ማንም አላገኘውም!» ብሎ በድምፅ ላከልኝ፤ ከኋላው ጓደኞቹ ይንጫጫሉ። «የገባው ማነው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ግማሾቹ እናትየዋ ናት አሉ!» ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከአንድ ወር በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች የፎቶ ቤቱን በር ከፍተው ገቡ። ልብሳቸው ላይ የመንገድ አቧራ አለ፤ ከድሬዳዋ በጭነት መኪና እስከ ፔካ 12 መጥተው ከዚያ በእግራቸው የገቡ ናቸው። አንደኛው በሁለት እጁ ስልክ ይዟል። ፎቶው ነው።

«ይሄን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ! ልጁ የት ነው ያለው?»

ሌላኛው ቀጠለ። «ጀማል ነው። ከልጆቻችን ጋር ባንድ ጀልባ ነው የተሳፈሩት። እሱ ከተመለሰ የእኛዎቹም ተመልሰዋል። የት እንዳሉ እሱ ያውቃል። አሳየን ብቻ።»

አው አብዶሽ መስጊድ ነበሩ። ተቀመጡ አልኳቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። አልጠጡም።

«እሱ አይደለም» አልኩ በመጨረሻ። «ማለቴ… እሱ ነው። ግን እዚህ አልነበረም። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«የት ነው ያስገባኸው?»

«ፎቶው ውስጥ።»

አልገባቸውም። «ሸሚዙ እኮ!» አለ ስልኩን የያዘው። «እናቱ ከድሬዳዋ ይዛለት የወጣችው ሸሚዝ ነው። እኛ እያየን ነው ፌስታል ውስጥ የከተተችው። ካላገኘችው እንዴት ለበሰው?»

«እኔ ነኝ የለበስኩት።»

ሌላ መንገድ ስላጣሁ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ሥራ እንደ ተደራረበ መስታወት ነው፤ እያንዳንዱ ነገር በየራሱ ንብርብር ላይ ነው፣ አንዱን ስታጠፋው ሌላው ይቀራል። ጀማልን አጠፋሁት። አዴ ዘይነባ እጃቸውን አየር ላይ አንስተው ብቻቸውን ቀሩ። ጥላውን ግን ረስቼው ነበር። መሬቱ ላይ የጀማል ጥላ፣ ማንም ሳይቆምበት፣ ረዝሞ ተጋድሟል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እስካሁን ምንም ያልተናገረው፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ይሄስ? ይሄ የማን ነው?»

እሱንም አጠፋሁት።

ሰውየው ጣቱን አላነሳም። ያ ጣት አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ሦስቱም ተነሱ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንደኛው ብቻ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ተገኙ ብዬ ቤቴ ሰደቃ አብልቻለሁ እኮ፣ ልጄ» አለኝ።

አው አብዶሽ ማታውን ለአዴ ዘይነባ ደወሉ። እሳቸው ምንም እንዳልዋሹ ነገሯቸው። «ተገኘ አላልኩም። ሰፈርተኛው ፎቶውን አይቶ እልል ሲል ግን፣ አልተገኘም ማለት አቃተኝ።»

ለሪድዋን ስነግረው «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለ። በሚቀጥለው እረፍት ሲመጣ ቤት ሳይገባ፣ ሻንጣውን እንደያዘ ፎቶ ቤቱ መጣ። አው አብዶሽ ፊት ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ለመነ።

«ከእንግዲህ ለሚገባ ሰው ጥላ አንስጠው። የቆሙት ሁሉ ጥላ ይኑራቸው፣ የራቀው አይኑረው። የሚያይ ሰው ይወቅ።»

«ይንሳፈፋል እኮ» አልኩት።

«ይንሳፈፍ። እዚያ የለማ።»

አው አብዶሽ የካሜራቸውን መነጽር በእጅጌያቸው እየወለወሉ ብዙ አሰቡ፣ ተስማሙም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አስቀድመን እንናገር ነበር። አንዳንዱ «ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብሎ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። አንዳንዱ ገብቶት እሺ አለ። ሪድዋን በዚያ እረፍት የቁልፉን ቅጂ አስቀርጾ እኔ ባልኖርኩ ሰዓት እየገባ የድሮ ሥራዎቼን አንድ በአንድ ሲያይ እንደነበር አው አብዶሽ የነገሩኝ ከሞተ በኋላ ነው።

በአራተኛው ዓመት የመመረቂያ ፊልሙን ሠራ። አራት ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ከወደብ እስከ አርሂባ የእንጨት በር በጀርባው ተሸክሞ በፀሐይ ይሄዳል። ሌላ ነገር የለውም። የበሩ ጥላ ከጎኑ አብሮት ይጓዛል፤ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች፣ አንድ ፍየል፣ አንድ ሴት ከነልጇ፣ ጥላው ውስጥ ገብተው ትንሽ አብረውት ይሄዱና ይወጣሉ። ተሸካሚው አያያቸውም። እናታችን በስልክ ስታየው «የአባትህ ጀርባ ነው» አለችው። እግሩ ግን የእኔ ነው፤ ያ የጄሪካኑ አካሄድ። እኔ አወቅሁት።

ፊልሙን አስረክቦ ምረቃው እስኪደርስ ቤት መጣ። ሙቀቱ የከፋበት ወቅት ነበር። ትኩሳት ያዘው። አምስት ቀን። ስለ አምስቱ ቀን መጻፍ አልችልም። ስድስተኛው ቀን ከአስር ሰላት በፊት ቀበርነው። አላህ ይርሐመው። ምረቃው ለሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ጋውኑን ለብሶ የተነሳው አንድም ፎቶ የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ እየሞተ መጣ። አሁን ሰው የራቀ ወንድሙን በስልኩ በአንድ አፍታ ያስገባል። ስልኩ ጥላም ይሰጠዋል፣ ማንንም ሳይጠይቅ። አው አብዶሽም ዓይናቸው ደከመ፤ ሐረር ያለችው ልጃቸው ይምጡ ብላ ጠራቻቸው።

እናታችን ለቀስተኛው ከተበተነ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትለኝ ነበር። «ጋውን አልብሰህ ስራልኝ። ምስማሩ ይጠብቃል።» እሺ እላለሁ፣ አልሠራም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ድሬዳዋ ያለ ዘመዳችን፣ ሊያስደስታት ብሎ ነው፣ ከድሮ ፎቶው በስልክ ያሠራውን ቪዲዮ ላከላት። ሪድዋን ጋውን ለብሶ አንገቱን ዞር ያደርግና ፈገግ ይላል። ዓይኑን ያርገበግባል። እናታችን አንዴ አየችው። ስልኩን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ሪድዋን በአንድ በኩል ነው የሚስቀው» አለች። «ይሄ ልጅ ማነው?»

ስልኩን አንስቼ ዘጋሁት።

«አንተ ስራልኝ አልኩህ እኮ። የሌላ ሰው እጅ ሳይገባበት።»

አው አብዶሽ ወደ ሐረር ከመሳፈራቸው በፊት የመጨረሻ ፎቶአቸውን ያነሱት እኛን ነው። ከአስር ሰላት በኋላ አርሂባ መጡ። እናታችንንና እኔን ከሕንፃው ፊት አቆሙን። መነጽሩን ወለወሉ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው አልወጣም።

«ቦታውን… ተዉለት።»

አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩ። እናታችን እስኪነግሯት አልጠበቀችም። እጇን አንስታ አየር ላይ አሳረፈች። ስንት እናቶችን እንዲህ አይቻለሁ፤ እሷን ሳይ ግን ወደ መሬት አቀረቀርኩ። መሬቱ ላይ የእሷ ጥላ ክንዱን ዘርግቶ ነበር።

ምስሉ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሪድዋንን ከድሮ ፎቶው ወስጄ፣ ጋውኑን ከክፍል ጓደኛው ተበድሬ አስነስቼ፣ በእናታችን እጅ ልክ አቆምኩት። ፈገግታውን በአንድ በኩል ተውኩት። እስከ ጫማው ድረስ ጨርሼ ጥላው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ልሰጠው ፈለግሁ። ይህን መደበቅ አልችልም። ማንን ነው የማታልለው? መሞቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ አፈር ያለበስነው እኛ ነን። ያቺን ቀጭን መስመር እንኳ ጀምሬያት ነበር። ከዚያ «ይሄ የማን ነው?» ያለው ሽማግሌ ጣት ትዝ አለኝ። አጠፋኋት።

ሁለት አሳተምኩ። አንደኛው ሪድዋን ያለበት ነው። ሁለተኛው አው አብዶሽ እንዳነሱት፤ እናቴ፣ ክፍተቱ፣ እኔ። ቁልፉን ባስረከብኩበት ሐሙስ ሁለቱንም ለእናቴ ሰጠኋት። መጀመሪያ ሪድዋን ያለበትን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ጥላ የለውም» አለች።

«የለውም፣ እማ።»

«ረስተህ ነው?»

«አይደለም። እሱ ያወጣው ደንብ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ስለ ሦስቱ ሽማግሌዎች ታውቃለች፤ እሱ ራሱ ነግሯታል። ምስሉን በጣቷ ዳበሰችው፣ ሳመችው፣ ከዩኒቨርሲቲው ከመጣው የምስክር ወረቀት ጋር በነጠላ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ሌላኛውን አንስታ «ስቀልልኝ» አለችኝ።

«ይሄ እኮ ባዶ ነው።»

«ያኛውን ብሰቅለው ሰው ገብቶ፣ ማሻ አላህ ተመረቀ ብሎ ያልፋል። ይሄኛውን ያየ ግን፣ እጅሽ ምን ላይ ነው ብሎ ይጠይቀኛል።»

ሰቀልኩት።

በማግስቱ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አዲስ የገባው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን የተበደረውን መሰላል ሊመልስ መጣ። የመጣው ከታጁራ ነው፣ ስለ እኛ ምንም አያውቅም። መሰላሉን በር ላይ አስደግፎ ግድግዳውን አየ። ቀረብ ብሎ አየ።

«እማማ፣ እጅሽን ምን ላይ ነው ያሳረፍሽው?» አላት።

እናቴ የምትጠርግበትን መጥረጊያ አስቀመጠች። ከጥግ ያለውን በርጩማ ሳበችለት።

«ተቀመጥ» አለችው።